የቦንጋው ቤታችን አንካራ ላይ ሲሳል

ለትምህርት ወደ ቱርክ ልሄድ ከቦንጋ በምወጣበት ዋዜማ ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አላነጋግር ብሎን ነበር። እማዬ ማር በጠርሙስ፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ትከታለች፤ እኔ አወጣለሁ፤ እሷ መልሳ ትከታለች። አስተማሪው አባቴ ከሬዲዮው ቀና ብሎ፣ "ተያት እንጂ! መሐንዲስ ሆና ስትመለስ እዚሁ ትበላዋለች" አለ። ሳቅን። ሲነጋ በጅማ አውቶቡስ ሄድኩ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ የአንካራን ብርድ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የእኛ ጉም ያረጥባል እንጂ አይናከስም። ምግቡ ቾርባ የሚሉት ሾርባና ዳቦ፣ ዳቦና ቾርባ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ በመማር አለቀ። አርክቴክቸራል ኢንጂነሪንግ ልጀምር ስል ዶርም ሞልቷል ተባልኩና ክፍል ፍለጋ ወጣሁ። አንዲት አከራይ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ።

"ያባንጂ ነሽ?" ባዕድ ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

"አዎ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ።"

"እዚያ ቤት አላችሁ?"

"አለን።"

"ታዲያ የኔን ምን ታደርጊዋለሽ?"

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በሩ ተዘጋ። በመጨረሻ ምድር ቤት ውስጥ መስኮት የሌለው ክፍል አገኘሁ። ስለ ብርሃንና ስለ አየር የማጠናው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው የክፍል ሥራችን ያደግንበትን ቤት መሳል ነበር። ከበረንዳው እስከ ጓሮው እንሰት ምንም ሳላስቀር ሳልኩት። መምህሩ አጠገቤ ቆመ።

"ግድግዳው ከምንድን ነው?"

"ከእንጨትና ከጭቃ።"

"ጊዜያዊ መጠለያ ነበር ማለት ነው።"

"ሰባት ልጆች አድገንበታል።"

"እንግዲያው ጊዜው ረዝሟል" አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እሑድ ቤት ደወልኩ፤ ይህን ለእማዬ ነግሬ ላለቅስ። እሷ ቀደመችኝ።

"ቀያሾች መጥተው ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉበት። በአዲሱ የከተማ ፕላን ቦታው መንገድ ነው አሉን።"

"ምትክ ቦታስ?"

"ከከተማ ወጥቶ፣ ረግረጉ ጋ ነው። አባትሽ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰው አይነጋገርም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንቺ ይሄንኑ አይደል የምትማሪው? መስመሩን ትንሽ ፈንጠር አድርጉት ብለሽ ንገሪያቸዋ።"

"እማዬ፣ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ማን ይሰማኛል?"

"ለመጨረስ ስንት ይቀርሻል?"

"አራት ዓመት።"

"እኛን እስከ ፋሲካ ልቀቁ ነው ያሉን" አለች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ "በልተሻል?" ብላ ጠየቀችኝ።

በልቻለሁ አልኳት።