ቤት በዝናብ የምታሳይ ተቋራጭ

ሥራ በገባሁበት ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት "ባልዲ ውኃ አምጪ" ተብዬ ነው።

አመጣሁ። አለቃዬ ኢንጂነር ሠናይት እጇን ልትታጠብ መስሎኝ ሳሙና ጭምር ይዣለሁ። እሷ ግን ከግድግዳው ጫፍ በሲባጎ የተንጠለጠለውን ቱንቢ ባልዲው ውስጥ ነከረችው። ቱንቢ የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚታይበት ከባድ ሹል ብረት ነው። የአዳማ ንፋስ ሲያወዛውዘው ይውላል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ይረጋል። "አሁን ለኪ" አለችኝ። በሲባጎውና በብሎኬቱ መካከል ያለውን ከላይም ከታችም ለካሁ። እኩል መጣ። ሳሙናዬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። አሁን የሥራ ዘመኔ ሁለት ክረምት ሞልቶታል። አትሳቁ! ሁለት ክረምት ሙሉ ጭቃ ረግጫለሁ፣ ሜትር ይዣለሁ፣ ስልክ አንስቻለሁ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ እንዲህ ያለ ቢሮ ለምትገቡ ልጆች ነው። ወላጆቻችሁ ቤት ሊያሠሩ ካሰቡ ደግሞ አንብቡላቸው።

ቢሮው ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የሠናይት የሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ በመስታወት ተሰቅሏል። መጀመሪያ አካባቢ "እርስዎ" እላት ነበር። "አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ስትይኝ ወገቤን ያመኛል" አለችኝና ቀረ።

ሠናይት ሌሎች የማያደርጉት አንድ ልማድ አላት። ደንበኛ "የሠራሽውን ቤት አሳዪኝ" ሲላት ወዲያው አትወስደውም። "ዝናብ ሲጥል እደውልልዎታለሁ" ትላለች። ብዙው ሰው ያሾፈች ይመስለውና ሳይመለስ ይቀራል። እኔም በሆዴ "ይቺ ሴትዮ በዚህ አያያዟ ቢሮዋን ልትዘጋ ነው" እል ነበር።

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ ከወንጂ መጡ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ያለ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የስኳር ጆንያ ሲሰፉ ኖረው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። የሚኖሩት በፋብሪካ ቤት ነው፤ እስከሚቀጥለው ክረምት ለተተኪ ሠራተኛ መልቀቅ አለባቸው። አዳማ ላይ በማኅበር የደረሳቸው ባዶ ቦታ አለ። ከባለቤታቸው ጋር ያጠራቀሙት ደግሞ ለአንድ ቤት ብቻ ይበቃል።

"ባሌ አሁን የለም" አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ይኼ ቤት ከተበላሸ ሁለተኛ የምሠራበት አቅም የለኝም። ተወልጄም፣ አግብቼም የኖርኩት በሰው በር ነው። በሩን የት እንደማደርገው እንኳ እኔ መርጬ አላውቅም።"

አብሯቸው የመጣው የወንድማቸው ልጅ ገመቹ ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ አፉ አያርፍም። ፈቃዱን በአገጩ እያመለከተ "ኢንጂነር፣ እዚህ ከምትሰቅይው ጣራው ላይ አታደርጊውም? ዝናብ ከከለከለ!" አላት።

ሠናይት ሳቀች። "አይከለክልም" አለችው።

"ታዲያ ለምን ይጠቅመናል? እኛ ሰፈር እጁ ወርቅ የሆነ ግንበኛ አለ። እቃውን እኛ እናቀርባለን፣ እሱ በእጅ ዋጋ ይሠራል። አለቀ።"

"ሥራውን ሲጨርስ የት ይገኛል?"

"ሲጨርስማ ሌላ ሥራ ይይዛላ!"

"የት?"

ገመቹ ወደ አክስቱ ዞረ። "አዳዳ፣ ይቺ ሴትዮ ፖሊስ ናት እንዴ?"

አዴ ጫልቱ አልሳቁም። ሠናይትን ትኩር ብለው አዩና "የሠራሽውን አሳዪኝ" አሉ። እኔ መልሱን ስለማውቅ ዐይኔን ጨፈንኩ።

"ዝናብ ሲጥል እደውልልዎታለሁ" አለች።

ገመቹ ደረጃውን እየሳቀ ወረደ። አዴ ጫልቱ ግን ስልካቸውን አስጽፈውኝ ሄዱ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡን አወረደው። ደወልኩ። በገመቹ ባጃጅ መጡ፤ የጎኑ ላስቲክ እየተርገበገበ ሁላችንንም አራሰን። የሄድነው ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ሐናን ቤት ነው። ሠናይት ብቻዋን ተቋራጭ ሆና መጀመሪያ የሠራችው ቤት እሱ ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ጃንጥላዋን ዘረጋችና ቆመች።

"አንቺስ?" አሏት አዴ ጫልቱ።

"እኔ ካለሁ በይሉኝታ ያመሰግኑኛል። እርስዎ ገብተው የፈለጉትን ይጠይቁ።" እኔን ደግሞ "አብረሻቸው ግቢ፣ ምንም እንዳትናገሪ" አለችኝ። ለእኔ ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም።

ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ መስኮቱ ሰፊ። ደስ ሊለኝ ስል ገመቹ ወደ ኮርኒሱ ጣቱን ቀሰረ። "ይኸው!"

ጥጉ ላይ እንደ ሻይ የፈሰሰ ቡናማ ውኃ ያረፈበት ቦታ አለ። ውኃ አስገብቷል ማለት ነው። አዴ ጫልቱ አንጋጠው አዩት።

ወይዘሮ ሐናን ፈገግ አሉ። "አዎ፣ አፍስሷል። በመጀመሪያው ክረምት። ያውም ለሠርግ የመጣ ጨርቅ ላይ!"

"እና ምን አደረጉ?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ደወልኩላት። ዝናቡ ሳያባራ መጣች። መሰላል አስደግፋ ራሷ ወጣች። ስትወርድ እጇ ሙሉ አሸዋ ነው። 'ጥፋቱ የኔ ነው' አለችኝ። አሸንዳውን አዲስ አበባ እንዳየችው ከግንቡ ጀርባ ደብቃ ሠርታው ነበር። በበጋ ንፋሱ አቧራውን እያመጣ ሞላው፣ ክረምት ሲገባ ውኃው መውጫ አጣና ወደ ቤት ተመለሰ። አፍርሳ በውጭ በኩል ሰፊ አድርጋ ሠራችው። ከኔ ምንም አልጠየቀችም።"

"ታዲያ ይኼን ቀለም አትቀባውም ነበር?" አለ ገመቹ፣ አሁንም ሽቅብ እያየ።

"ልቀባ ብላኝ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ቀረብ ብለህ እየው እስቲ።"

ወንበር ላይ ቆመ። የቡናማው ዳርቻ በእርሳስ ተከቧል። "ውኃ ከተመለሰ ከመስመሩ ያልፋል" አሉ ወይዘሮ ሐናን። "በየክረምቱ አየዋለሁ። አላለፈም።"

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ገመቹ በመዳፉ ኮርኒሱን ዳሰሰ፣ መዳፉን አየ፣ እንደገና ዳሰሰ። "ደረቅ ነው" አለ፣ ቅር ያለው ይመስል።

ወይዘሮ ሐናን ሲሸኙን አንድ ነገር ጨመሩ። "የእህቴን ቤት የሠራው ልጅም እጁ ጥሩ ነበር። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ብንደውል ስልኩ አይሠራም። አንዱ ሻሸመኔ ነው ይለናል፣ ሌላው ሐዋሳ።"

ሠናይት በሩ ላይ፣ ከጉልበቷ በታች ርሳ፣ እንደቆመች ናት።

"ማፍሰሱን ለምን አልነገርሽኝም?" አሏት አዴ ጫልቱ።

"በቃል ብነግርዎት አለሳልሼ እነግርዎት ነበር። ወይዘሮ ሐናን ግን አያለሳልሱልኝም።"

"የኔ ቤት ቢያፈስስ?"

"እመጣለሁ።"

"ባትመጪስ?"

"ፈቃዱን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት አለ። በየጊዜው ለማሳደስ የምቀርበው እዚያ ነው። ስሜንም አድራሻዬንም ያውቃሉ። ልብዎ ካልረጋ አሁኑኑ ሄደው ፈቃዴ የታደሰ መሆኑን ይጠይቁ። ሳይጠይቁ ውል አይፈርሙ፤ ከኔም ጋር ቢሆን።"

በማግስቱ ገመቹ ራሱ ሄዶ ጠየቀ። ቢሮ ሲመጣ ኮፍያውን አውልቋል። "አለች" አለ፣ የጠፋ ሰው ያገኘ ይመስል። "ስሟ አለ፣ ታድሷል። አዳዳ እየመጡ ነው፤ ሊፈርሙ።"

ወረቀት መያዙ ቀርቶ እዚያው ብጨፍር ደስ ባለኝ። "ሥራ ላይ ነሽ" አለችኝ ሠናይት፣ እሷም ግን ጥርሷ አልከደን ብሏታል።

ሥራው በበጋ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለኝ እየሄድኩ አርማታው እንዳይሰነጠቅ ውኃ አጠጣዋለሁ። ንፋሱ በአንድ በኩል ያደርቀዋል፣ እኔ በሌላ በኩል አርሳለሁ። አዴ ጫልቱ ይህን አዩና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወንጂ አሮጌ ጆንያ በባጃጅ አስጭነው መጡ። ነክረን አለበስነው። ከዚያ በኋላ ውኃው ሳይደርቅ ይቆይ ጀመር። "የሰፋሁት ጆንያ ቤቴን ይሸፍን?" እያሉ ይስቁ ነበር።

በሩን ራሳቸው መረጡ። ንፋሱ ከሚመጣበት ፊቱን ያዞረ፣ የሞሪንጋ ዛፋቸውን ከሚተክሉበት ጋር የሚተያይ። ሠናይት በኖራ አሰመረች፣ እሳቸው ሁለት እግራቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ቆሙ። "እዚህ" አሉ። በቃ፣ እዚያ ሆነ።

ቤቱ አልቆ አዴ ጫልቱ ገቡበት፤ ሁለተኛው ክረምትም መጣ። አንድ ከሰዓት ዶፍ እየጣለ ስልክ ጮኸ። አዴ ጫልቱ ናቸው። "ኢንተሎ፣ ኢንጂነርን ይዘሽ ነይ። ቶሎ!" ብለው ዘጉት። ኢንተሎ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው፤ ሁልጊዜ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። የዚያን ቀን ግን አስደነገጠኝ።

ሠናይት መሰላሉን አስጫነች። መንገዱን ሙሉ እኔ በሐሳቤ አሸንዳውን ከዳር እስከ ዳር እፈትሸዋለሁ።

ስንደርስ አዴ ጫልቱ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ውኃው ከሰፊው አሸንዳ በቱቦው ወርዶ ወደ ውጭ እየነጎደ ይሄዳል። ሠናይት ሮጣ ገባች፣ ኮርኒሱን ከክፍል ክፍል አየችው። ሁሉም ደረቅ ነው።

"የቱ ጋ ነው ያፈሰሰው?" አለች እያለከለከች።

"አላፈሰሰም።"

"ታዲያ ለምን ጠሩኝ?"

"ትመጪ እንደሆነ ልይ ብዬ" አሉ አዴ ጫልቱ። ከዚያ ሁለት ወንበር አስጠጉልን። ሦስታችን ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ብለን አሸንዳውን አየን።

ተቋራጭ ስትቀጥሩ ፈቃዱን ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ጠይቁ፣ የሠራውን ቤት በዝናብ እዩ፣ የቤቱን ባለቤት እሱ በሌለበት አነጋግሩ። ፈቃድ ጣራ አያደርቅም፤ ጣራው ሲያፈስስ የሠራው ሰው እንዲገኝ ያደርጋል። ንፋስ ካለ ደግሞ ቱንቢውን ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ሳሙና አያስፈልግም።