ማጣሪያው ያጠፋት ኩሬ

ነፍሱን ይማርና፣ አጎቴ ኪሊማኒ ሰፈር ባለው ቢሯችን የሳተላይት ምስል ይመረምር ነበር። በኮምፒውተር ማጣሪያ ያጸዳሁትን ምስል ባሳየሁት ቁጥር «እስቲ ጥሬውን አምጪው» ይለኝ ነበር።

በድርቁ ወቅት ከድንበር ከተማዋ ከሞያሌ ወዲህ ለእረኞች ከብቶች ውሃ ስንፈልግ፣ ምስሉን በማጣሪያ አለስልሼ «ውሃ የለም» ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ ጥሬውን አስከፍቶ፣ ውሃ ጠቁሮ የሚታይበትን፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን የብርሃን ክፍል ብቻ ለይቶ አየ።

«ይቺ ጥቁር ነጥብስ?» አለኝ።

«ጉድፍ መስላኝ አጠፋኋት።»

«ልጄ፣ ሄደን እንያት።»

ከእረኞቹና ከከብቶቻቸው ጋር ሄድን። ሙሉ ኩሬ ነበረች! ከብቶቹ ሮጠው ገቡባት፤ አጎቴም እየሳቀ ከነጫማው ተከተላቸው።

ካረፈ ወር ሆነው። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ትናንት ማረፉን ያልሰማ አንድ የኩሬዋ አካባቢ እረኛ ደውሎ «ኩሬዋ ዘንድሮም አልደረቀችም፤ ለአባባ ንገሪልን» አለኝ። ባዶው ወንበር አጠገብ ቆሜ እልል አልኩ።