ጡረታዬና ተከራዬ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ዌስተን ሰፈር ያለችው ቤታችን ሰፋችብኝ። ልጆቹ እያሉ መታጠቢያ ቤት ለመግባት ወረፋ እንይዝባት የነበረች ጠባብ ቤት እኮ ናት። ካልጋሪ የምትኖረው ልጄ በደወለች ቁጥር ሽጪውና እኔ ጋ ነይ ትለኛለች። እኔ ግን በሆቴል ላውንደሪ የሰው አንሶላ ሳጥፍ ኖሬ የከፈልኩበትን ቤት እንዲህ በቀላሉ የምለቅ ሰው አይደለሁም። ችግሩ፣ ቤቱም እንደኔው አርጅቷል። በአንዱ የብርድ ወቅት ማሞቂያው ተበላሽቶ ሌላ በብድር ሲገባ፣ በጡረታ ብቻ መዝለቅ እንደማልችል ገባኝ።

መላው የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። አብራኝ የምታስቀድስ አንዲት ወጣት እናት ነበረች። አባቷን ስፖንሰር አድርጋ ከደሴ አምጥታቸው፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ባለችው አንድ መኝታ ቤት ብቻ ባላት አፓርትመንት ውስጥ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። ሰውየው የሚተኙት ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ማለዳ ካርቱን ለማየት ሲመጡ እግራቸው ላይ ይቀመጡባቸዋል። አንድ እሑድ፣ ያንን ባዶ ክፍልዎን ለአባቴ ቢያከራዩልኝ ብላ ለመነችኝ። ወንድ ተከራይ አስቤ ስለማላውቅ፣ እስቲ መጀመሪያ ይምጡና ክፍሉን ይዩት አልኳት።

ከረቫት አስረው መጡ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ ደግሞ በሳምንት ጥቂት ቀን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም ዞር ብለው አላዩም። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደው ትንሽ ቆሙና፣ ይህ ክፍል የጧት ፀሐይ ያገኛል አሉኝ። እኔ ይህን ያህል ዘመን ስኖርበት ልብ ብዬው አላውቅም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ "መምህር" አልኳቸው፤ እሳቸውም ልጃቸው እንደምትጠራኝ "እትዬ" አሉኝ።

ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። እንደኔው በሱዳን በኩል የመጣች፣ እንደኔው ጡረታ ላይ ያለች ናት። ወሬውን ስትሰማ ደነገጠች። ከመደበኛው ጡረታ ሌላ፣ ገቢያችን ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን መንግሥት የሚጨምርልን፣ እኛ ሰፕልመንት የምንለው ድጎማ አለ። ተከራይ ካስገባሽ እሱን ጠራርገው ይወስዱብሻል አለችኝ። ሌላዋ ወዳጄ ደግሞ በካሽ ተቀበይና ዝም በይ ብላ መከረችኝ። አንዷ ስታስፈራራኝ፣ ሌላዋ ስታደፋፍረኝ እንቅልፍ ነሱኝ። በመጨረሻ የሰው ወሬ ይቅርብኝ፣ የሚያውቁትን ልጠይቅ ብዬ ወደ ጡረታ ቢሮ ለመሄድ ተነሣሁ። መምህር ይህን ሲሰሙ፣ ጉዳዩ የመጣው በእኔ ነውና ብቻዎን አይሄዱም አሉኝ።

ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው ጎዳና ያኔ ገና ለባቡር ሥራ ተቆፋፍሮ ስለነበር አውቶቡሱ ያዞረን ጀመር። መምህር በየመታጠፊያው ወደ የት እንደዞርን ይነግሩኛል፤ አሁን ወደ ደቡብ፣ አሁን ወደ ምሥራቅ። ቢሮው ውስጥ ያስተናገደችን ወጣት ሴት ትሑት ናት። የክፍሉን ነገር ስነግራት እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ወደ መምህር አየት አደረገችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መምህር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነባሉ እንጂ የዚህ አገር ሰው ሲያወራ ቶሎ አይገባቸውም።

"ምን አሉ?" አሉኝ።

አፍሬ ቦርሳዬን መጎርጎር ያዝኩ።

"ይንገሩኝ እንጂ፣ እትዬ።"

"እንደ ባልና ሚስት ነው ወይ የምትኖሩት እያለች ነው።"

መምህር ከወንበራቸው ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና በዚያ በመጽሐፍ እንግሊዝኛቸው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ፣ እኔን እንደ ታላቅ እህታቸው እንደሚያከብሩኝ፣ ዕቃቸውንም ገና እንዳላስገቡ አስረዷት። ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ፣ የወንድ ካልሲ ማጠብ በቃኝ ካልኩ ቆየሁ አልኳት። ያኔ እሷም ሳቀች፤ መምህርም ቆይቶ ሲገባቸው ሳቁ። ለካስ ጥያቄው ለክፋት አልነበረም። አብሮ የሚኖር የትዳር ጓደኛ ካለ ድጎማው የሚሰላው በሁለቱ ገቢ ስለሆነ፣ መጠየቅ ሥራዋ ነው።

ከዚያ ረጋ ብላ ነገረችን። መደበኛው ጡረታዬ በተከራይ ምክንያት አይነካም። ድጎማው ግን ይቀንሳል። ቢሆንም ኪራዩ እንዳለ ገቢ ተብሎ አይቆጠርም፤ ከማሞቂያው፣ ከመብራቱና ከቤት ግብሩ ለዚያ ክፍል የሚደርሰው ወጪ ይነሣለታል። ከቀረው ከሞላ ጎደል ግማሹን ያህል ከድጎማው ላይ ይቀንሱታል፤ ያውም ወዲያው ሳይሆን፣ ታክስ ካሳወቅሁ በኋላ በሚመጣው ጁላይ። ደብቆ የተገኘ ግን የወሰደውን መልስ ይባላል።

ስንወጣ መምህር ፊታቸው ጠቁሯል። ፌርማታው ላይ ቆመን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ "በእኔ ምክንያትማ ከእንጀራዎ አይቀነስም። ይቅርብዎት፣ እትዬ" አሉኝ።

"መምህር፣ ግማሹ ለእኔ ይተርፋል እኮ። ባዶው ክፍል ምን ሰጥቶኝ ያውቃል?"

ወሩ ሲጠባ ገቡ። ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነበር አልልም። ጉንፋን እንዳይዛቸው በየጧቱ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ይበላሉ፤ ሽታው ደረጃውን ወርዶ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ይቀበለኛል። ደጋ ያደጉ ናቸውና በረዶ እየጣለ መስኮት ይከፍታሉ፤ እኔ ደግሞ ከታች ሆኜ ማሞቂያው ለውጭ ሰው ነው እንዴ የሚሠራው እያልኩ እጮኻለሁ። ይዘጉና ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ በማግሥቱ እንደገና ይከፍቱታል።

ቤቱ ግን ሰው ሰው ሸተተ። ከሥራ ሲመለሱ የተጓዙበትን ሁሉ ይተርኩልኛል። ዳቨንፖርት መንገድ ላይ ያለውን ዳገት፣ ሥራ እያለሁ ስንት ዘመን በአውቶቡስ ወጥቼዋለሁ። መምህር አንብበው መጡና ያ ዳገት በጥንት ዘመን የሐይቅ ዳርቻ እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ቀን ወስደው ከታች አቆሙኝና ውሃው እስከ የት ይደርስ እንደነበር በእጃቸው አሳዩኝ። እኔ ያኔ በዚያ ሳልፍ እግሬ እያበጠ፣ መቀመጫ ስፈልግ እንጂ ምን አይቼ።

ጁላይ ሲመጣ ድጎማው ልጅቷ እንዳለችው ቀነሰ። ያቺ ያስፈራራችኝ ጓደኛዬ ልታጽናናኝ ደወለች። ለማሞቂያው የተበደርኩትን ከፍዬ እንደጨረስኩ ስነግራት፣ አንድ ባዶ ክፍል እሷም ጋ እንዳለ አስታወሰችኝ።

በመከር ሴቷ ልጄ ከካልጋሪ ልትጠይቀኝ መጣች። ተከራዩን በዓይኗ ለማየትም ነው። መምህር እሷንም እኔንም፣ ከሪጀንት ፓርክ የመጡትን የልጅ ልጆቻቸውንም ይዘው ሀምበር ወንዝ ወረዱ፤ በዚያ ወራት ትልልቅ ዓሣዎች ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ ወጥተው፣ እንቁላል ሊጥሉ ግድቡን እየዘለሉ ሽቅብ ይሄዳሉ። አንዱ ዘሎ ሲወድቅ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ሲሳካለት ያጨበጭባሉ። እኔ አንዱን ይዘን ብንጠብሰው አልኩ። መምህር እዚያ ማጥመድ ክልክል እንደሆነ በቁም ነገር ያስረዱኝ ጀመር፤ ቤቱን ሽጪ ስትለኝ የኖረችው ልጄም ለእሳቸው ወግና ተሟገተችኝ።