ያላገኘሁት ስህተት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የግሪንላንድን በረዶ ብቻዬን አዳንሁት። የፊዚክስ መምህርነቱን ጨርሼ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ የዋልታ ግግር በረዶ በረጅም ዘመን ሙቀት ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር ከሚያሰላ ቡድን ገብቼ ነበር። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው በወር የሚወርደውን በረዶ ነው፤ እኔ ለየወሩ የዓመቱን ሰጠሁት። ግግሩ እንደ ድልብ በሬ ወፈረ። ደስ ብሎኝ ሪፖርት አደረግሁ።

የቡድኑ መሪ ዶክተር ሰናይት፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ቁጥሬን አየት አድርጋ የዓመቱን በየወሩ እንዳወረድሁት ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ሁሉ ሁለቴ ታየው ነበር። አልፈርድባትም።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ቤቴ ሆኜ ነው። ትልቁ ኮምፒውተር ያለው ሌላ አገር ነው፤ ትእዛዙን በኢንተርኔት እልካለሁ፣ መስመሩ ሲቋረጥ እንደገና እልካለሁ። ግግር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህም ባለሙያ ከመባል አላገደኝም።

አንድ ጊዜ የተሰጠኝ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ግግሩ በሙቀት ከሳሳ በኋላ አየሩ ወደ ጥንቱ ቅዝቃዜ ቢመለስ፣ ግግሩም ይመለሳል? እንዲመለስ ፈልጌ ነበር።

አልተመለሰም። በሞዴሉ ውስጥ ሺህ ዓመት ጠበቅሁት። ጠርዝ ጠርዙ ጥቂት አገገመና ቆመ።

ውጤቱን ሳልልክ ስህተቴን መፈለግ ያዝሁ። ፍተሻ ተራ አለው፦ መለኪያው፣ ሙቀትና በረዶው የገቡበት ፋይል፣ ስሌቱ በስንት በስንት ጊዜ እንደሚራመድ፣ በመጨረሻም ከግግሩ ሥር ያለው አለት። አራቱንም አየሁ። ደገምሁ። በዕድሜዬ ሙሉ የተማመንሁት በዝርክርክነቴ ነበር፤ እሱም ከዳኝ።

በዚህ መሀል ቡሬ ገጠር የምታርሰው ታላቅ እህቴ ይመኙሻል ልትጠይቀኝ መጣች። ኮምፒውተሩ ፊት ተክዤ አገኘችኝና ምን እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ግግሩ እንደ ተራራ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ሲቀልጥ ግን እንደሚያጥር አስረዳኋት።

«ካጠረማ ቆላ ወረደ በለኛ።»

«አዎ፣ ወረደ።»

«እኛስ ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጋቢያችንን አውልቀን አይደል? ቆላ ላይ በምን ብርድ ይረጋል? አንተ ይህን ለማወቅ ነው ዓይንህን ያጠፋኸው?»

ነገሩ ይኸው ነበር። ብርዱን ያቆየለት የራሱ ከፍታ ነው። ከፍታው ከሄደ፣ የጥንቱ አየር ቢመለስ እንኳ የወረደው በረዶ የሚያርፍበት ደጋ የለም።

ስህተት ቢሆን ይሻል ነበር አልኋት። አልሳቀችም። ለልጅ ልጆቿ ዘመንስ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለእነሱ ልጅ ልጆችም አይመለስም አልኋት። ነጠላዋን አጣፍታ ለመሄድ ተነሣች።

በማግስቱ ውጤቱን ላክሁ። ዶክተር ሰናይት ሥራዬን ከሥሩ ጀምራ በራሷ እጅ ደግማ አሰላችው። ሳምንታት ቆይታ ደወለች።

«ጋሽ ይሁኔ፣ ምንም አላገኘሁም» አለችኝ። «ምነው በተሳሳቱ ኖሮ።»

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ስህተታችሁን ፈልጉ። ካጣችሁት ቁጥሩን እንዳለ ጻፉትና ስማችሁን ከሥሩ አስቀምጡ። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።