ከወልቂጤ ባዶውን የመጣ ወንበር

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። በርበሬ ተለቅሞ የሚሰጣበት ወቅት ስለነበር ቡታጅራ ከዳር እስከ ዳር ታስነጥስ ነበር። የበኩር ልጄ ወልቂጤ ሄዶ በቦክስ የተሸነፈው በዚያ ሰሞን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

ልጄ በርና መስኮት በያጅ ነው። ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ቦክስ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ለከተማችን አሥራ ስድስት ዓመት ተጋጥሟል፤ ብዙ ጊዜም አሸንፏል፤ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም። የልጄን መመታትም፣ የሰው ልጅ በልጄ እጅ መመታቱንም ማየት አልችልም። እሱ ሲጋጠም እኔ ሰጋጃዬ ላይ ነኝ። "ሁለቱንም በጤና ወደ እናቶቻቸው መልስልን" እላለሁ። አላህ ያን ቀንም ሰምቶኛል። ልጄን መለሰልኝ፤ ግን በጓሮ በር።

አመሻሽ ላይ መግሪብ ሰግጄ ስነሳ ጓሮ ቆሞ አገኘሁት። ግራ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከንፈሩ አብጧል።

"እማ፣ እዚህ መሆኔን ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ።

"አልናገርም" አልኩት።

"ሰኞ በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። መርካቶ አጎቴ ዘንድ ሥራ አላጣም። ከእንግዲህ እዚህ አገር ሰው ፊት አልቆምም።"

ውኃ ለብ አድርጌ ፊቱን አጠብኩለት። እሱም ሻንጣውን አዘጋጀ። በሕይወት ስለመጣልኝ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። ሰግጄ ስነሳ ግን ሻንጣውን አየሁ። ከእሱ በቀር ቤት ውስጥ የቀረልኝ ልጅ የለም።

የቤታችን የፊተኛዋ ክፍል ቁርስ ቤቴ ናት። እሷን ከመኝታ ቤቱ የሚለያት አንድ መጋረጃ ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት የተባለውን ሁሉ ልጄ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር።

መጀመሪያ የገባው የባጃጅ ሾፌሩ ነው። ሃያ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ምላሱ ከባጃጁ ይፈጥናል። ተከትሎት የልጄ ጓደኛ፣ ልብስ ሰፊው መጣ። ሁለቱም ቅዳሜ በሚኒባስ ወልቂጤ ሄደው ግጥሚያውን ያዩ ናቸው። ሦስተኛው ሀጂ ናቸው፤ የበርበሬ ነጋዴ፣ በሰፈራችን ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና የሚጠሩ አዛውንት። እሳቸው ወልቂጤ አልሄዱም፤ ወሬው ግን ቀድሞ ደርሷቸዋል።

ፉሉ ሳይቀርብ ክርክሩ ቀረበ።

"ሦስት ዙር ሙሉ ተመታ እንጂ አልመታም" አለ ሾፌሩ። "ሁለት ቡጢ ሰነዘረ። አንዷ አየር መታች፤ አንዷ ዳኛውን ልትመታ ነበር።"

"ትከሻውን አሞት ነው" አለ ልብስ ሰፊው።

"ትከሻውን ብቻ? አፍንጫውንስ?"

"ዳኛውም አድልቷል። ወልቂጤ ላይ ለወልቂጤ ልጅ ነው የተፈረደው።"

"ጋሼ፣ እስቲ ወላሂ በል! ያን ሁሉ ቡጢ ፊቱ ላይ ያሳረፈው ዳኛው ነው?"

ሀጂ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ።

"ያኛው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አለ ሾፌሩ። "እሱ ሲወለድ የአንተ ጓደኛ ጓንት ይለካ ነበር። ዕድሜ ነው ጋሼ፣ ዕድሜ!"

"ቢሆንም አልወደቀም! ሦስቱንም ዙር ቆሞ ነው የጨረሰው። አንተ ብትሆን ደወሉ ሳይደወል ባጃጅህ ውስጥ ነበርክ።"

"የመብራት ምሰሶም አይወድቅም። ግን ቦክሰኛ ነው ያለው ሰው የለም።"

ሳቄ አመለጠኝ፤ አላህ ይማረኝ። ወዲያው መጋረጃው ትዝ አለኝና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ፉል በሳህን አድርጌ፣ ዳቦ ጨምሬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጄ ሻንጣውን በእግሮቹ መሀል አድርጎ ተቀምጧል።

"ምሰሶ አለኝ?" አለ በሹክሹክታ።

"ብላ" አልኩት።

ስወጣ ሾፌሩ ባዶ እጄን አየ። "እናታችን፣ ፉሉ ለማን ነው?"

"ለተራበ።"

ትንሽ ቆይቼ ሻይ ይዤ ገባሁ።

"የተራበው ጠማው እንዴ?" አለ።

"አዎ" አልኩ።

ልብስ ሰፊው ግን ጨዋታ ላይ አልነበረም። ፊቱ ቀልቷል። "ሰውዬውን በሌለበት ማማት አይበቃህም? ሀጂ ይፍረዱን!"

"ይፍረዱን!" አለ ሾፌሩም። "አርጅቷል፣ አሳፍሮናል ብዬ እከሰዋለሁ።"

በዚህ ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። በእኛ አገር ነገሩን ለሽማግሌ የሰጠ ሰው መልሶ አይወስድም። ሀጂ እጃቸውን ታጠቡ፤ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

"ከሳሽ ይኸው አለ። ተከሳሹስ?"

"የለም።"

"ሰው በሌለበት አይፈረድም። አባቶቻችንም አልፈረዱም። ወይ ይቅረብ፤ ወይ በእሱ ቦታ ቆሞ ፍርዱን የሚቀበል ዋስ ይቁምለት።" ወደ እኔ ዞሩ። "እህቴ፣ ልጅሽ የት ነው?"

እኔ አልዋሽም። የሰጠሁትን ቃልም አላጥፍም። ሁለቱን በአንድ አፍ መጠበቅ ከባድ ነው።

"አላህ የሚያውቀው ቦታ ነው" አልኩ።

"አላህ የማያውቀው ቦታ ካለ እሱን ይንገሩን" አለ ሾፌሩ።

"እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" አለ ልብስ ሰፊው።

"አትሆንም" አሉ ሀጂ። "ገና ቁርስ ሳትበላ ዳኛ አደላ ብለሃል። የእኔን ፍርድ ትቀበላለህ ብዬ አላምንም።"

ሾፌሩ ዳቦውን በጣቱ ሲቆራርስ ቆየ።

"እኔ ልሁነው" አለ።

"ከሳሽ ዋስ አይሆንም።"

"እንግዲያው ክሱን ትቻለሁ።"

"ስለ ምን?"

ሾፌሩ ቀና አላለም። የተናገረው ለሳህኑ ነው።

"የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ በየጠዋቱ ከኋላው እሮጥ ነበር። ሂድ፣ ተመለስ ብሎኝ አያውቅም። ሀጂ፣ እኔ የተናደድኩት ስለተሸነፈ አይደለም። ወደ ወልቂጤ ስንሄድ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠነው እየጨፈርን ነው የሄድነው። ስንመለስም ያንን ወንበር ለማንም አላስነካሁም። አንድ ሰዓት ሙሉ አዳራሹ በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። በጓሮ በር ወጥቶ በሌላ መኪና ሄዷል አሉን። ወንበሩ ባዶውን እስከ ቡታጅራ መጣ። ሲያሸንፍ አብረን፣ ሲሸነፍ ለብቻው ነው እንዴ?"

ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አየ። እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አብሮ የሄደ አብሮ ይመለሳል፤ እኔም ልጄን ያሳደግኩት እንዲህ ብዬ ነው። በጓሮ በር ሲገባ ግን ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያየሁት ዓይኑን ብቻ ነው።

መጋረጃው ተገለጠ።

ሾፌሩ ደንግጦ ሲነሳ አግዳሚው ተገለበጠ። ጫፉ ላይ የነበረው ልብስ ሰፊ አብሮ ወደቀ።

"የተራበው!" አለ ሾፌሩ። ከዚያ ፊቱን አየና ድምፁ ዝቅ አለ። "ዓይንህ እንዴት ነው?"

"ምሰሶ ዓይን የለውም" አለ ልጄ።

መጀመሪያ የሳቁት ሀጂ ናቸው። ልብስ ሰፊውም እዚያው መሬት ላይ እንዳለ ሳቀ።

ልጄ ከሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው እጁን አጣምሮ ቆመ። "ትከሻዬን አላመመኝም" አለ። "ዳኛውም አላደላም። ቡጢው ሲመጣ አየዋለሁ፤ እጄ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ከእንግዲህ አልጋጠምም። ጥያችሁ የመጣሁት አፍሬ ነው። ስለዚያ ይፍረዱብኝ።"

ሀጂ ብዙ አላሰቡም። "ለመሸነፉ ፍርድ የለም። ማሸነፍም መሸነፍም ከአላህ ነው። ወንበሩ ግን ካሳ አለው። ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በዚህ ልጅ ባጃጅ፣ ፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠህ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ትሄዳለህ።"

"ሀጂ፣ በዚህ ፊቴ?"

"በየትኛው ልትሄድ ነበር?"

ከሶላቱ በኋላ ሄዱ። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አየሁ። ሾፌሩ ክላክሱን አንዴ ከያዘ አልለቅም አለ። ልብስ ሰፊው ከኋላ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ሰላምታ ያድላል። በርበሬ የሚገለብጡ ሴቶች ቀና አሉ። አንዷ፣ "አይዞህ፣ የኔ ጀግና! ዓይንህ ላይ ግን በረዶ አድርግበት!" አለችው። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ከሱቁ ወጥቶ፣ "የእኔ በር መቼ ነው የሚደርሰው?" ብሎ ጮኸበት። ልጄ ባበጠ ከንፈሩ ሳቀ። ሲስቅ እንዳመመው ከሩቅ አየሁ።

ሀጂ ያሉት አንድ ጊዜ እንዲሄድ ነበር። ሾፌሩ ግን ሦስቴ አዞረው። ግጥሚያው ሦስት ዙር ስለነበር ነው አለ።

ማታ እራት በላን። ልጄ ስለ ጎረቤታችን በር አወራ፤ ስለ አዲስ አበባ አላወራም። ሻንጣው ግን እንደተዘጋ ከአልጋው ግርጌ ነበር። ልጠይቀው ብዬ ተውኩት። ብጠይቀው ይመልስልኛል፤ የተናገረውን ደግሞ እሱም እንደ እናቱ አያጥፍም። አሁንም እሄዳለሁ ካለኝ መሄዱ ነው።

ሰኞ ማለዳ ሱብሒ ሰገድኩ። ለዓይኑም፣ ለባጃጁም፣ ለሀጂም አመሰገንኩ። ልጄ እንቅልፍ ላይ ነበር። ሻንጣውን ቀስ ብዬ ከግርጌው ወሰድኩና ጓሮ አወጣሁት። ከውስጡ ጓንቶቹን አውጥቼ፣ ወልውዬ ከበርበሬው ራቅ አድርጌ ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው። ትልቁን ሳፋ ውኃ ሞላሁ፤ ሸሚዙንም፣ ሱሪዎቹንም፣ ሹራቡንም፣ ካልሲ እንኳ ሳላስቀር ሁሉንም ዘፈዘፍኩ። ሳሙናውን አላሳነስኩም። የመጀመሪያው መኪና ክላክስ ከመናኸሪያው ሲሰማ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ነበር።