ግርማ በሁለት እጁ የተቀበለው ጥይት

ይህ የሆነው ካቻምና፣ የጥር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። ሞት ለእኔ ብርቅ አይደለም፤ እጄን ይዘው ያረፉ ብዙ ናቸው። የዚያን ቀን የሰማሁት ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ሳህን ሳጥብም፣ ትራም ስጠብቅም ድንገት ይመጣብኛል። ደግሞም ነገሩ ተገልብጦ ሲወራ ስለሰማሁ ንዴቱ አልወጣልኝም። እንዳየሁት ልጻፈው ብያለሁ።

ባለቤቴ ግርማ ሮተርዳም ወደብ አካባቢ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። አባቱ አዳኝ ነበሩ። ሰው ሆላንድ ሲመጣ ሳይክል ያምረዋል፣ የእኔውን ግን ጠመንጃ አማረው። “አንተ ሰውዬ፣ ሱፐርማርኬቱ ሥጋ አልቆበታል እንዴ?” እያልኩ ስቀልድበት፣ አንድ ዓመት ሙሉ የዕረፍት ቀኑን እየሰዋ አደን በደች ቋንቋ ተምሮ የፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራው አለፈ። እኔም አፌን ያዝኩ።

እዚህ አገር ግን የወረቀት ፈቃድ ብቻውን ለማደን አይበቃም። የምታድንበት መሬት ሊኖርህ ይገባል። ከሌለህ፣ መሬት ያለው ሰው “ከእኔ ጋር ያድናል” ሊልልህ ይገባል። ለግርማ ያ ሰው ሄንክ ነበር። ከስኪዳም ከተማ ወዲያ ባለው ውሃ አዘል ሜዳ ላይ የአደን ቡድን የሚመራ፣ ሰባውን ያለፈ ሽማግሌ ነው። ሄንክ እሺ ካለ ግርማ አዳኝ ነው፤ እምቢ ካለ ጠመንጃውን ሸጦ ቤቱ ይቀመጣል። ባሌ ዓመት ሙሉ የለፋበት ነገር በዚህ ሰው አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሜዳው ጥግ ያለ ገበሬ ዶሮዎቹን ቀበሮ እየጨረሰበት ስለነበር ሄንክ ሰዎቹን ሰበሰበ፣ ግርማንም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራው።

ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ውስጥ ከጥይት ሌላ ወሬ አልነበረም። እራት ላይ ማንኪያና ሹካ እየደረደረ ያስረዳኛል። አንድ አንድ ጥይት የሚተኩሰው ረጅሙ ጠመንጃ ቀበሮን ከሩቅ ይጥለዋል። ነገር ግን ይህ አገር ዝርግ ነው፣ ከኋላ ሆኖ ጥይቱን የሚይዝ ጉብታ የለውም፤ የሳተ ጥይት ተጉዞ ተጉዞ የማን ሳሎን እንደሚገባ አይታወቅም። ስለዚህ በአንድ ተኩስ ብዙ ፍሬ የሚበትነው ባለ ሁለት አፈሙዝ ይሻላል። የእርሳስ ፍሬ ውሃውንና ወፎቹን ስለሚመርዝ ተከልክሏል፣ የሚፈቀደው የብረት ነው። ብረት ደግሞ ከእርሳስ ይቀላል፣ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ለቀበሮ ወፈር ያለውን ፍሬ መርጦ፣ አውሬው በደንብ እስኪቀርብ መታገሥ ነው። ደቃቁ ፍሬ አየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ሳህን መምቻ ነው።

“ደቃቁን ቀበሮ ላይ ብትተኩሺው ቆዳውን በስቶ ይቀራል” አለኝ። “ማሠቃየት ነው። እንስሳ ከገደልሽ በአንዴ መግደል ነው፤ አባቴ ያስተማሩኝ ይህንን ነው።”

ወፍራሙን ፍሬ አንድ ፓኮ ገዛ። ለራሴ ጫማ የገዛሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተመራመርኩም።

እኔም አብሬው ሄድኩ። ሜዳውን እየጮኹና ሣሩን በዱላ እየመቱ አውሬውን ወደ ተኳሾቹ የሚነዱ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር፤ ሚስቶችም ጎረቤቶችም ይሄዳሉ። ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩትን ሰፊ የጎማ ቦት አጥልቄ ጭቃው ላይ ስንሸራተት የአተር ሾርባ ሰጡኝ፣ ሰዎቹም ደህና ሰዎች መሰሉኝ።

ሄንክ ግርማን ጨብጦ “የአንበሳ አገር ሰው መጣ!” ሲል ሁሉም ሳቁ። ግርማም ሳቀ። ከዚያ ምን ዓይነት ጥይት እንደያዘ ጠየቀው። ግርማ ፓኮውን ሲያሳየው ከቁም ነገርም አልቆጠረው።

“በእኔ ሜዳ የእኔ ጥይት ነው የሚተኮሰው” አለና ከካፖርቱ ኪስ እፍኝ ሙሉ አውጥቶ ዘረጋለት።

ግርማ የራሱን ፓኮ መኪናው ውስጥ መልሶ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ሳያይ ኪሱ ከተተው። እያንዳንዱ ጥይት ላይ የፍሬው ቁጥር በጉልህ ተጽፏል። ደች ቢሆን አገላብጦ አንብቦ፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ነበር የሚቀበለው። የእኛ ሰው ግን ሽማግሌ የሰጠውን ሽማግሌው ፊት አያገላብጥም። ማገላበጥ “አላመንኩዎትም” ማለት ነው። ሲያጎርስም ሄንክ አጠገቡ ቆሞ ነበርና ዓይኑን ወደ ጥይቱ አልጣለም።

ከአዳኞቹ ሁለቱ ተያይተው ሲስቁ አየሁ። አንደኛው ፊቱን ሾርባው ውስጥ ደበቀ። በሰፊው ቦት ጫማዬ የሳቁ መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሄንክ ግርማን ለዓመታት ቀበሮ ዝር ብሎበት የማያውቅ ጥግ ላይ አቆመው። እኛ ነጂዎቹ ተሰልፈን እየጮኽን መጣን። ቀበሮው ከሸምበቆው ወጣ፤ ቀይ፣ ጅራቱ ፀጉራም፣ የሚያምር እንስሳ ነው። የሰው ሁሉ ግምት ገደል ገባና በቀጥታ ወደ ግርማ ሮጠ። ባሌ ታገሠ። በደንብ ሲቀርብለት ተኮሰ፣ ደገመው።

ቀበሮው ተንከባለለ። ሞተ ስል ተነሣ። ፊቱ ደም ብቻ ነበር፣ ዓይኖቹ ጠፍተዋል፣ የኋላ እግሩ ይጎተታል። ጮኸ። ቀበሮ እንደ ሕፃን እንደሚጮህ አላውቅም ነበር። እየተደናበረ፣ ከአጥር ጋር እየተጋጨ፣ ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው የሲሚንቶ ቱቦ ውስጥ ገባ። እዚያም ሆኖ መጮኹን ቀጠለ።

ግርማ ጠመንጃውን ከፈተ። ቀልሃው ዘለለ፤ አንሥቶ አነበበው። የሸክላ ሳህን መምቻው ደቃቁ ፍሬ ነው። ቀና ብሎ ሄንክን አየው።

“ግራፕዬ” አለ ሄንክ፤ ቀልድ ነው ማለቱ ነው። “ለአዲስ ሰው ሁሉ እናደርገዋለን። ቀበሮው ወደዚህ ጥግ ይመጣል ብሎ ማን ጠበቀ?”

የሚስቅ አልነበረም። ከቱቦው የሚወጣው ድምፅ አላስቻለም።

ግርማ አልተሳደበም። “ጥይቴን ከመኪና ላምጣና ልጨርሰው። እባክዎ ማንም አይነካካው” አለና ሮጠ። ሄንክ ግን ሰው ፊት ማፈሩ አንገበገበው መሰለኝ፣ ውሻውን ፈታ። ፒፕ ይባላል፤ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣ ጉድጓድ ገብቶ አውሬ የሚያስወጣ ውሻ ነው። ግርማ ከሩቅ ዞር ብሎ “ውሻውን አይላኩት! አውሬው ታውሯል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል!” ሲል ጮኸ።

“እኔን አታስተምረኝ!” ብሎ መለሰለት ሄንክ፣ ፒፕንም ወደ ቱቦው ገፋው።

ውስጥ የሆነውን በጆሯችን ብቻ ተከታተልን። ቆየ። ሄንክ በሆዱ ጭቃው ላይ ተኝቶ እጁን እስከ ትከሻው ቱቦው ውስጥ ከትቶ “ፒፕ፣ ፒፕዬ” እያለ ይለምን ጀመር። በመጨረሻ ውሻው ወደ ኋላ እየተጎተተ ወጣ። ጉሮሮው ተዘንጥሏል። በአፉ ሳይሆን በአንገቱ ነበር የሚተነፍሰው። በሥራዬ የሚተርፍና የማይተርፍ መለየት ለምጃለሁ፣ የሚተርፍ አልነበረም። ቀበሮው ደግሞ በቱቦው ወዲያኛው ጫፍ አንገቱን ውሃው ላይ አውጥቶ ይጮሃል።

ግርማ የራሱን ፓኮ ይዞ ደረሰ። ሄንክ ውሻውን ታቅፎ ቁጭ ብሎ ነበር፣ የራሱን ጠመንጃ ጭቃው ላይ ጥሎታል፤ ከሌሎቹም የእሱን ውሻ ለመግደል የደፈረ የለም። “ግርማ፣ እባክህ” አለው። “እኔ አልችልም። ፒፕን አሳርፍልኝ።” በስሙ ሲጠራው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር።

ግርማ ሁለት ጥይት አወጣ። ቁጥራቸውን አነበበ፤ አንዱን፣ ከዚያም ሁለተኛውን። ሁላችንም እያየነው አጎረሰ።

“ቀድሞ የቆሰለው ይቀድማል” አለ፣ በዚያው በአክብሮት አነጋገሩ።

ሄንክ “ፒፕን! መጀመሪያ ፒፕን!” እያለ ሲጮህ መንገዱን አቋርጦ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። አልሮጠም። አንድ ጊዜ ተኮሰ። ጩኸቱ ቆመ። ሲመለስ ውሻው ሄንክ ጭን ላይ ሞቶ ነበር። ግርማ የቀረችውን ጥይት አወጣ፣ ኪሱ ከተታት፣ ወደ መኪናው ሄደ።

ስንመለስ “ሆን ብለህ ነው የዘገየኸው?” አልኩት። የመኪናውን ማሞቂያ ከፈተ። ከዚያ “ውሻውን ባስቀድም ኖሮ ቀበሮውን የሚያስታውሰው አይኖርም ነበር” አለኝ።

ሄንክ በዚያው ቀን ለቡድኑ ሁሉ ደወለ። ያወራው እንዲህ ነው፦ መጤው መተኮስ ሳይችል ቀበሮውን አቆሰለው፣ ከዚያ በቂም ውሻዬን አሠቃይቶ ገደለው። ስለ ጥይቱ ትንፍሽ አላለም። ተያይተው የሳቁት ሁለቱ ሰዎችም አፋቸውን ዘጉ። ግርማ ሌላ መሬት ያለው ሰው ቢለምን ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ጠመንጃውን በረከሰ ዋጋ ሸጠው። መጋዘን ድረስ ዘልቆ “ውሻ ገዳዩ አንተ ነህ?” ያለው አለ። ግርማ ዛሬም ስለ ሄንክ ሲያወራ “እሳቸው” ይላል። እኔ “እሱ” ነው የምለው።

ለውሻው አዝኛለሁ፤ ምንም የማያውቅ፣ የታዘዘውን የሠራ ፍጥረት ነው። ስለ ሄንክ ግን የንስሐ አባቴ ሳይቀሩ “ይቅር በይው፣ ሽማግሌ ነው” ብለውኛል። ሞክሬያለሁ፣ እምቢ አለኝ። ያን ቀን ሰውየው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ ሲያለቅስ፣ የሰው እንባ ማበስ እንጀራዬ የሆነው እኔ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሜ አየሁት። ኪሴ ውስጥ ንጹሕ መሐረብ ነበረኝ። አላወጣሁትም። ዛሬም ቢሆን አላወጣውም።