የኦቦ ዲተር አፍንጫ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነጭ ካፖርት ለብሼ ነበር የሄድኩት። ከቴክኒክ ኮሌጅ በኬሚስትሪ ዲፕሎማ ይዤ ወጥቼ፣ ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ካፖርቱን እናቴ በካውያ ተኩሳ፣ አንገትጌውን ሳይቀር አስተካክላልኛለች። በር ላይ የተቀበሉኝ የወይን ጓዳው አለቃ ኦቦ ደቻሳ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ቦቲ ጫማ አቀበሉኝ።

«ላቦራቶሪው በዚያ በኩል ነው ብለውኛል» አልኳቸው።

«ልክ ነው። መጀመሪያ ግን ታንክ ይታጠባል። እዚህ ሁሉም ሰው በታንክ ነው የሚጀምረው» አሉኝ።

ታንኩ ሰው በታችኛው መዝጊያ በኩል ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ትልቅ የብረት ታንክ ነው። የሚታጠበው በሶዳ ነው። እኔ ግን ይበልጥ ይጸዳል ብዬ ትንሽ የእጅ ሳሙና ጨመርኩበት፤ ለማንም አልተናገርኩም። በጎማ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁት። ስጨርስ ዋናው ጠማቂ፣ ጀርመናዊው ሄር ዲተር መጡ። ራሳቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው አንድ ጊዜ ብቻ አየር ሳቡ።

«ሳሙና» አሉና ሄዱ።

ታንኩን እንደገና አጠብኩት። ያን ቀን ላቦራቶሪውን ሳላየው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሄር ዲተርን ፋብሪካው በሙሉ ኦቦ ዲተር ይላቸው ነበር። አማርኛ የተማሩት ጓዳ ውስጥ ካሉ ወንዶች ስለሆነ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነበር የሚሉት። ከታንኩ በኋላ ላቦራቶሪ አስገብተው ማሽተት ሲያስተምሩኝ እኔንም «አስቴር፣ ና» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ለማረም ሞከርኩ፤ በኋላ ተውኩት። ከሳቸው አፍ ሲወጣ ደስ ይል ነበር።

ቤተሰቦቼ ለፋብሪካ ሥራ ከሆሳዕና ወደ ሰበታ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። ቤታችን መጠጥ የሚባል ነገር አይገባም። እናቴ አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ጠየቀችኝ።

«አስቱ፣ እዚያ ቤት ግን በትክክል የምትሠሪው ምንድን ነው?»

«አሸታለሁ። ከዚያ አፌ ውስጥ አገላብጬ እተፋዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ትንሽ አሰበችና «እንደዚያ ከሆነ ይሁን» አለች። ለጸሎት ጓደኞቿ ግን ልጄ ኬሚስት ናት ብላ ነው ያለፈችው። ስለ ወይን ጠጁ ለማንም አልነገረችም።

ወይኑ የሚመጣልን ከዝዋይ በኩል፣ በፕላስቲክ ሳጥን፣ በጭነት መኪና ነው። መኪናው ገና ሳይራገፍ ኦቦ ዲተር ከየሳጥኑ ፍሬ እያነሱ ይጨምቃሉ። አንዷን ጠብታ ሪፍራክቶሜትር የሚባለው መሣሪያ መስታወት ላይ አድርገው ወደ ብርሃን አቅንተው ያያሉ። ሰማያዊውና ነጩ የሚለያዩበት መስመር ጭማቂው ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ ይናገራል። እሳቸው ቁጥሩን የሚጠሩት በአገራቸው መለኪያ፣ በኧክስለ ነበር። እኔ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን መኪናው ዘግይቶ ስንጠብቅ ካርቶን ቀደዱና የጀርመንን የወይን ጠጅ ደረጃ ሣሉልኝ። ከታች ተራው ወይን አለ። ከሱ በላይ የአንድ አካባቢ ወይን ተብሎ የሚጻፍበት፤ ቀጥሎ ከታወቁት አሥራ ሦስት የወይን አውራጃዎች ከአንዱ የመጣ፣ ተመርምሮ ቁጥር የተሰጠው። ከሁሉ በላይ ማዕረግ ያለው ወይን ነው። ማዕረጉ ራሱ ስድስት ነው። ካቢኔት ቀላሉ ነው። ሽፔትሌዘ ማለት ዘግይቶ የተለቀመ፣ አውስሌዘ ማለት ዘለላው ተመርጦ የተለቀመ ማለት ነው። ከዚያ ፍሬው አንድ በአንድ የሚለቀመው ይመጣል፤ ከዚያም ተክሉ ላይ ውርጭ የመታውና እንደ በረዶ ደርቆ እያለ የሚጨመቀው። መጨረሻው እንደ ዘቢብ ተክሉ ላይ የደረቀው ነው። የዚህን ስም ለመጥራት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ኦቦ ደቻሳ የቀድሞ ወታደር ስለነበሩ ካርቶኑን አይተው «ይሄማ የሠራዊት ማዕረግ ነው» አሉ። «አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ። ማን ነው የሚሾመው?»

«ማንም» አሉ ኦቦ ዲተር። «ፍሬው በተለቀመ ቀን ውስጡ ያለው ስኳር ነው የሚሾመው። ማዕረግ ላለው ወይን ስኳር መጨመር ክልክል ነው። ያለው ነው፣ የሌለው የለም። አሁን አሁን ሕጉ ለመሬቱ ስም የበለጠ ቦታ ይሰጣል። እኔ ግን በድሮው ነው ያደግሁት።»

ይህን ከሰሙት አንዱ የፋብሪካው ባለቤት አቶ ንጉሤ ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዩ ጣፋጭ ወይናችን ላይ «ሽፔትሌዘ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ አሉ።

«አይቻልም። ስሙ የጀርመን ወይን ስም ነው» አሉ ኦቦ ዲተር።

«ሰበታ ድረስ መጥቶ ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ። ደግሞ ስኳር ጨምረንበታል። እኔና አስቴር ነን የጨመርነው።»

አቶ ንጉሤ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወረቀቱ «ጣፋጭ ቀይ ወይን» ተብሎ ታተመ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ኦቦ ዲተር ሲያሸቱ አጠገባቸው ማንም አይናገርም ነበር። ሰው የሰማውን ነው የሚያሸተው፣ ዝም በሉ ይሉናል። ብርጭቆውን ያሽከረክራሉ፣ ያሸታሉ፣ ይጽፋሉ። የኔን ወረቀት የሚያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ዓመት እየቆየ ሲሄድ ወረቀቶቻችን ይመሳሰሉ ጀመር።

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ኦቦ ዲተር ታመሙ። ሦስት ሳምንት ቆይተው ከስተው ተመለሱ። በተመለሱ በመጀመሪያው ቅምሻ ብርጭቆውን ረጅም ጊዜ አሽከረከሩና «አስቴር፣ አንተ ምን ሸተተህ?» አሉኝ። እሳቸው ሳይጽፉ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሹመት መሰለኝ። ደስ ብሎኝ የሸተተኝን ሁሉ ዘረዘርኩ። እሳቸው እኔ ያልኩትን ጻፉ።

እንደዚያ ወር ያህል ቀጠልን። አንድ ጠዋት ከታንክ ሦስት ቀድተው «ጥሩ ነው» ብለው ብርጭቆውን አቀበሉኝ። ገና አፍንጫዬ ጋ ሳይደርስ አቼቶ ሸተተኝ። የሰላጣ አቼቶ። ሊያልፋቸው የሚችል ሽታ አልነበረም።

«ኦቦ ዲተር፣ ይሄ ወይን ኮምጥጧል።»

ብርጭቆውን መልሰው ወሰዱና አሸቱ። ደግመው አሸቱ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም» አሉ። «ቡናው ሙቅ ውሃ ነው። ዳቦው ወረቀት። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ።»

 «ይመለሳል» አልኳቸው።

«እስኪመለስ ለማንም አትንገር።»

አልነገርኩም። ስድስት ወር የሁለታችንንም ሥራ በአንድ አፍንጫ ሠራን። ሰው ፊት ሲቀምሱ ደህና ከሆነ ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ካልሆነ በእጄ እይዛለሁ። ሽማግሌው መምህሬ የኔን ብዕር እያዩ ሲፈርዱ ልቤ ይሰበር ነበር። አንዳንዴ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ኩራት ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ የወንድሜ ሠርግ ደረሰና የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሆሳዕና ሄድኩ። በሌለሁበት የታንክ ሰባት ወይን በጠርሙስ እንዲታሸግ አቶ ንጉሤ አዘዙ፤ ኦቦ ዲተርም ፈረሙ። ስመለስ ከሆቴሎች የተመለሱ ሳጥኖች ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። አንዱን ጠርሙስ ከፈትኩ። የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው። ወይኑ አተላው ላይ ብዙ ሲቆይ የሚመጣ ሽታ ነው። በጊዜው ያሸተተው ሰው ካለ ከአተላው ለይቶ፣ አየር አስነክቶ ያድነዋል።

አቶ ንጉሤ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ታንኩ ሳይታጠብ ነው ወይን የተሞላበት አሉ። የማጠብ ኃላፊው ኦቦ ደቻሳ ናቸው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል።

«አጥቤዋለሁ» አሉ ኦቦ ደቻሳ።

«ታዲያ ሽታው ከየት መጣ?»

«አላውቅም ጌታዬ። ግን አጥቤዋለሁ።»

ከሰኞ ጀምሮ እንዳይመጡ ተነገራቸው። ቦቲያቸውን አውልቀው አጠቡና በሩ አጠገብ ጥንድ አድርገው አስቀመጡት። ሲወጡ ለኔ «ሠርጉ እንዴት ነበር?» አሉኝ። 

ላቦራቶሪ ስገባ ኦቦ ዲተር አንድ መለኪያ ደጋግመው እያነበቡ ነበር።

«ኦቦ ደቻሳ ተባረሩ» አልኳቸው።

«ሰማሁ።»

«ታንኩ ንጹሕ እንደነበር እኔም እርስዎም እናውቃለን።»

መለኪያውን አስቀመጡ። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አጠፉትና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ና» አሉኝ።

አቶ ንጉሤ ቢሮ ስንገባ ኦቦ ዲተር አልተቀመጡም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ከበሽታዬ ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል። ታንክ ሰባትን ሳላሸት ፈረምኩ። ደቻሳ ታንኩን አጥቧል።»

 አቶ ንጉሤ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ስድስት ወር ሆኖኛል።»

«ሁለታችሁም ውጡልኝ።»

ሁለት ቀን ማንም አልጠራንም። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ደቻሳን ከቤታቸው አስመጥተው፣ አቶ ንጉሤ ሠራተኛው ፊት ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ያደርጋሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ኦቦ ደቻሳ «ቶሌ፣ ይሁን» ብቻ ብለው ቦቲያቸውን አጥልቀው ወደ ማጠቢያ ጎማቸው ሄዱ።

የኦቦ ዲተር ውል እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። «ከዚያ በኋላ ማን ያሸታል?» አሉ አቶ ንጉሤ።

«አስቴር።»

«የጴንጤ ልጅ? ጠጥታ የማታውቅ?»

«ስለማትውጥ ነው ከሰዓት በኋላም የሚሸታት» አሉ ኦቦ ዲተር። ለኔ ለራሴ «አንተ» እያሉ፣ ለሌላ ሰው ሲናገሩ ግን ልክ «እሷ» እንደሚሉኝ ያን ቀን አወቅሁ።

አቶ ንጉሤ በቃል አላመኑም። እንደ ጀርመን መርማሪዎች ስም ያልተጻፈባቸው አምስት ብርጭቆዎች አስቀረቡልኝ። አሸተትኩ፣ ቀመስኩ፣ ተፋሁ። «ሁለተኛውና አምስተኛው ከአንድ ታንክ ነው የተቀዱት። ሦስተኛውን ቶሎ ከአተላው ለዩት» አልኩ። ልክ ነበር። የኦቦ ዲተርን ቦታ እንድረከብ ተወሰነ።

የመጨረሻ ቀናቸው ከምሳ በኋላ ኦቦ ዲተር እኔንና ኦቦ ደቻሳን ላቦራቶሪ ጠሩን። ጠረጴዛው ላይ ቀጭን፣ ረጅም አረንጓዴ ጠርሙስ ነበር። ወረቀቱ ገርጥቷል። አባታቸው ሞዘል በሚባል ወንዝ ዳር፣ ቁልቁለት ላይ ባለ ማሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያመረቱት አውስሌዘ ነው። እሳቸውም አብረው ለቅመዋል። ማሳው አሁን የሌላ ሰው ነው፤ የቀረው ጠርሙስ ያ ብቻ ነበር። ጡረታ ስወጣ እከፍተዋለሁ ብለው ያቆዩት።

ቡሹን ቀስ ብለው አወጡ። ወይኑ ወርቃማ ሆኗል። ለራሳቸው ቀድተው አሸቱና ምንም እንደሌለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርጭቆውን ለኔ ሰጡኝ።

«ንገረኝ።»

«ማር» አልኩ። «ነጭ ሳይሆን ቢጫው ማር። ቀጥሎ ኮክ፤ የበሰለ፣ ጸሐይ ላይ የቆየ ኮክ።»

«ሌላስ?»

ሌላ ነገር ነበር። እንዴት እንደምለው ቸገረኝ። በአባት የመጨረሻ ወይን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? «ይኸው ነው» አልኩ።

«አይደለም። ፊትህ ላይ አለ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ኦቦ ዲተር። ላምባ ይሸታል። እናቴ የምትለኩሰው የላምባ ምድጃ ሲጠፋ የሚሸተው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተበላሸ መስሏቸው ያዘኑ መሰለኝ። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ ግን እየሳቁ ነበር።

«ላምባ» አሉ። «ሪዝሊንግ የሚባለው ወይን በደንብ ሲያረጅ እንደዚያ ይሸታል። አባቴ እሱን ነበር የሚጠብቀው። ማርና ኮክ ብቻ ብትለኝ ኖሮ እየዋሸኸኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። እስቲ ደግመህ ንገረኝ፣ ቀስ እያልክ።»

ደግሜ ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ቃል እየጠበቁ ሰሙኝ። ኦቦ ደቻሳ ከብርጭቋቸው ቀምሰው «አባትህ ጥሩ ሰው ነበር» አሏቸው። እኔም አፌ ውስጥ አገላበጥኩት። ለሳቸው ክብር ስል ልውጠው ፈልጌ ነበር። አዩኝና የመትፊያውን ባልዲ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት።

«ትፋ» አሉኝ። «ሥራ ላይ ነህ።»

ኦቦ ዲተር ወደ አገራቸው ከሄዱ በኋላ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። አንድ ጠዋት ስልክ ደውለው ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡኝ «አስቴር፣ ዛሬ ዳቦ ቤት በር ላይ ዳቦ ሸተተኝ» አሉኝ። ሌላው ሽታ ገና እንዳልተመለሰላቸው ነገሩኝ። ለኦቦ ደቻሳ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው፤ ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር። በደስታ አጨበጨቡ።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልኝ ስለ ሽታ የማስተምረው ትንሽ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያገኛችሁትን ተናገሩ፤ ደስ የማይል ቢመስላችሁም። ካልሸተታችሁ አልሸተተኝም በሉ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ያሸትላችኋል።